ከዓሣ መኪናው ኋላ የተደበቁት ስድስት ሰዎች

ውድ ቶርላይፍ፣

በልጅ ልጄ በሲሴል የሠርግ ቀን መኪናዬን የሚገፉ ስድስት ሰዎች ከዓሣ ጭነት መኪናው ኋላ ደብቀህ አቆምህብኝ። በደልህ ይህ ነው። ሦስት ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ። አሁን ወደ ደሴታችን ድልድዩ ተከፍቶ መኪና የምታሻግርበት መርከብህ ቆሟል፤ አንተም ወደ ልጅህ አገር ሄደሃል። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

በዚያ ዓመት አረንጓዴዋ መኪናዬ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ክረምቱን በሙሉ አንድ ቀን ሳትለግም አሳለፈች። ከፋሲካ በኋላ ግን መርከብህ ላይ መለገም ጀመረች። ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» ትልና ዝም። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ጥሩንባ ይነፋል፤ አንተ ያንን ቢጫ ካፖርትህን ለብሰህ ትመጣና መስኮቴን ታንኳኳለህ።

«ምነው ኢንግቫልድ፣ እዚሁ ልታድር ነው?»

«ትነሳለች።»

«እሱንማ ባለፈው ሳምንትም ነግረኸኛል።»

ከዚያ ይገፉኛል። ባሕሩ ሲጎድል መውጫው ሽቅብ ስለሚሆን ሁለት ሰው አይበቃም ነበር። በአምስተኛው ጊዜ ከመርከቡ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ አንድ ጊዜ ደግማ መንገድ ከዘጋች አትሳፈርም ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ የመጨረሻው ቦታ ላይ፣ ከዓሣ መኪናው ኋላ ታቆመኝ ጀመር።

ጋራዥ ውሰዳት ያላለኝ ሰው የለም። መካኒክነትን ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው ያወቅሁት። የገጠምኩትን ሌላ ሰው አይፈታውም። ባትሪ ቀየርኩ። የገመዶቹን ጫፍ ፍቄ መለስኩ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርጄ በምግብ ጠረጴዛው ላይ በታተንኩት፤ ባለቤቴ ቦርግሂልድ ሁለት ቀን ሰሃኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በላች። ምንም አላገኘሁም። እቤት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፤ መርከብህ ላይ ትሞታለች። ጨው ነው አልኩ። እርጥበት ነው አልኩ። አንተ ነህ ያልኩበትም ቀን ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አልክ፦

«ይቺ መኪና ወደ ከተማ ስትሄድ እንደ ጥጃ ትቦርቃለች። የምትሞተው ወደ ቤት ስትመለስ ብቻ ነው። እንደ ጌታዋ ቦርግሂልድን ትፈራለች።»

ዳቦ ጋጋሪው ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። እኔ መስኮቴን ዘጋሁ።

ግን ልክ ነበርክ። ስለ ቦርግሂልድ ማለቴ አይደለም። ከቤቴ እስከ ወደቡ አራት መቶ ሜትር ነው፤ መርከቡ ላይ ስወጣ ሞተሩ ገና አልሞቀም። ከከተማ ስመለስ ግን አርባ ኪሎ ሜትር ዳገትና ቁልቁለት ነድቼ ነው የምደርሰው። ከዚያ ሞተር አጥፋ ትለኛለህ፤ ከዚያ ሃያ ሁለት ደቂቃ ባሕር። ያን ሁሉ ገመድ ስፍቅ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

በማግስቱ ደሴቲቱን አራት ጊዜ ዞርኳት። ቦርግሂልድ በመስኮት ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ነዳጅ ረከሰ እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራህ መዞር ከሆነ በግ እንኳ ይችለዋል።»

ግቢ ውስጥ ሞተሩን አጥፍቼ ሰዓቴን ያዝኩ። አምስት ደቂቃ ቆይቼ ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሳች። እንደገና ዞሬ አሙቄያት መጣሁና ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆየሁ፤ ቀጭ። አንድ ሰዓት ተውኳት፤ ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። ከሥሯ ገብቼ ሞተሪኖውን ስነካው ጣቴን ጠበሰኝ። ከጎኑ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ያልፋል፤ በመካከላቸው ሁለት ባዶ የቡሎን ቀዳዳዎች አሉ።

እነዚያን ቀዳዳዎች ባዶ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ቧንቧው ሞተሪኖውን እንዳያግል የሚከልል ላሜራ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው መኸር እየተንቀጫቀጠ ቢያስቸግረኝ ፈትቼ አነሳሁትና፣ ዝናብ እንዳይገባ ዓሣ በጭስ በማጥንበት ጎጆዬ ጭስ ማውጫ ላይ ቸነከርኩት። ክረምት ብርዱ ነገሩን ሸፈነው። ሙቀት ሲመጣ ተጋለጥኩ። መሰላል ወጥቼ ላሜራውን ነቀልኩ፤ ጥቀርሻውን ጠርጌ ወደ ቦታው መለስኩት።

ለማንም አልተናገርኩም። ተስተካክላለች ብል ምን ነበረች ይሉኛል፤ ማን ፈታው ይሉኛል።

ሲሴል ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በአረንጓዴዋ መኪና ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ትል ነበር። እናቷ የሙሽራው አዲስ መኪና ይሻላል ብትላት፣ «አያቴ ካላመጣኝ አልመጣም» ብላ ዘጋች። በሠርጉ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከከተማ አምጥቼያት ወደቡ ስደርስ፣ ከዓሣ መኪናው ኋላ ልቆም ስል በእጅህ ወደ ፊት ጠራኸኝ።

«ቦታዬ ከኋላ ነው» አልኩህ።

«ሙሽራ ከዓሣ ኋላ አትቆምም። ሽታው እስከ ልጅ ልጇ አይለቃትም። ግባ፣ ሞተር አጥፋ።»

ባሕሩ ጎድሎ ነበር። ብዘጋ ያ ሁሉ ሰልፍ ከኋላዬ ነው፤ ደብዳቤውም ኪሴ ውስጥ። ላሜራውን ከመለስኩ በኋላ ግቢዬ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈትኜያታለሁ፤ ግቢና መርከብ ግን አንድ አይደለም። ሲሴል እጅጌዬን ያዘች።

«አያቴ፣ ባትነሳስ?»

«ትነሳለች።»

«ባትነሳ በእግሬ እሄዳለሁ። ብቻ ጫማው አዲስ ነው።»

መውጫው ወረደ። ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች፤ በመጀመሪያው።

ደስታዬን እስክውጥ እንኳ አላቆየኸኝም። በመስታወቱ ሳይ ከዓሣ መኪናው ኋላ ስድስት ሰዎች ወጥተው ቆመዋል። እጅጌያቸው ተሰብስቧል፤ ዳቦ ጋጋሪው እጁን ለመግፋት ዘርግቶ እንደዚያው ቀርቷል። ሲሴልም ዞራ አየቻቸው። አንተ አንዴ እነሱን አንዴ ሙሽራዋን አየህ። ከዚያ ረጋ ብለህ «ቆብ አውልቁ» አልካቸው። በሁለት ረድፍ ቆመው ቆባቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሲሴል የተኳለችው ሁሉ እስኪፈስ አለቀሰች። እንዲህ የከበረች ሙሽራ የለችም አለችኝ።

እኔ ግን ጓንታቸውን አይቻለሁ። በሥራ ጓንት ሙሽራ የሚያከብር የለም።

ከዚያ በኋላ መርከብህ እስኪቆም ድረስ ቲኬት እየቆረጥኩ እንደምን አደርክ አላልኩህም። በስንብትህ ቀንም አልመጣሁም። ላሜራውን መልሻለሁ ብዬ ነግሬህ ቢሆን ኖሮ ሰው ባልሰበሰብክ። ቀልድህም ባይሆን ላሜራውን ባላገኘሁት። ይህን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ባለፈው እሑድ ሲሴል ልጇን ይዛ በድልድዩ መጣች። ለሕፃኗ ስለ ስድስቱ ሰዎችና ስለ ቆባቸው እየነገረቻት ወደ እኔ ዞረች።

«አያቴ፣ ቶርላይፍ ያንን ሰልፍ ከመቼ ጀምሮ ነው ያሰበው?»

«ከሠርጉ አንድ ሳምንት በፊት» አልኳት። «ለእኔም ነግሮኝ ነበር።»

ቦርግሂልድ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። ሲሴል አንተንም ከጠየቀችህ ከሠርጉ አንድ ሳምንት በፊት በል፤ ቃላችን አንድ ይሁን።

የማኬሬል ዓሣ ወቅት ሲገባ ና። ከአውቶቡስ መቆሚያው እኔ እወስድሃለሁ፤ የፊት ወንበር ያንተ ነው። ስለ ጉልበትህ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ድልድዩ ነፋስ የፈለግኸውን አውራ። ስለዚያ ቅዳሜ ግን ለአንተም ሆነ ለሌላ ሰው፣ እስክሞት አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣም።

ኢንግቫልድ