ካርታው ያሳነሰው ሪን

ይድረስ ለውድ እህቴ ለቲርዛ፤ ከነባለቤትሽ ከነልጅሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ታዝማኒያ ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ እኛ ዘንድ ውሃው ገና ከመስኩ አልወረደም። እኔ ደህና ነኝ። አባባ በሕይወት አሉ፤ ደህና ናቸው ግን አልልሽም።

በየጠዋቱ እየመጣች ትረዳቸው የነበረችው ከርስቲ ሞታለች። ባለፈው ሳምንት መንገዱ በውሃ ሲዘጋ መኪናዋን አቁማ ለአባባ ደወለችላቸው፤ በእግሬ ልምጣ ወይ ብትላቸው፣ ሻይ ጥጄልሻለሁ፣ ነይ አሏት። ስልኳ ላይ ያለውን የሰበካውን ካርታ አይታ በጎረቤታችን በስታኪ መስክ አቋረጠች። በመካከል ያለውን ሪን፣ ያንን ጥልቅ የውሃ ቦይ፣ ካርታው «ዲች» ይለዋል። እሷ ባደገችበት በሰሜን ተራራ ዲች ማለት በክረምት እንኳ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ቦይ ነው። የእኛን ሪን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የስታኪን ጊደር ከነቀንዷ ሲውጣት አብረን አይተናል። ጎርፉ መስኩን ስለሸፈነው ዳሩ አልታያትም፤ ገብታ ሰጠመች።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ካርታው በሰበካው አዳራሽ ሲሠራ እኔም ነበርኩ። ሰብሳቢው ፋርናቢ ለመላው አገር አንድ ቃል ይበቃል ብሎ ሪኖቻችንን ሁሉ ዲች አደረጋቸው። ይህ ከብት የማይሻገረው፣ አጥር ሆኖ የሚያገለግል ጥልቅ ውሃ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ጥልቀቱን የለካሁበትን አጣና ሳይቀር አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። ሳቀብኝ። «ኦብሪ፣ አንተ ደግሞ ለአንድ ቃል ትሞታለህ» አለኝ። የሞትኩት እኔ አይደለሁም። አሁን ለሞት መርማሪው ካርታው ደንቡን ጠብቋል ብሎ ጽፏል። ደንቡ አልሰጠመም።

እኛም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በአያታችን ዘመን ውሃ ሲመጣ ዳሩ እንዲለይ በሪኑ ዳር የአኻያ ዘንግ ይተከል ነበር። የአገሩ ሰው ሪኑን ያውቀዋል እየተባለ ቀረ። እንግዳ ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም።

አባባ አሁን ዳሩ ሁሉ ዘንግ ሳይተከልበት ሌላ ረዳት ቤቴ አትመጣም ብለዋል። በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው አኻያ ይቆርጣሉ። ሳሉ ደረታቸው ውስጥ ገብቷል፤ ሐኪሙ ሆስፒታል ይግቡ ቢል እሺ አላሉም። ትናንት ከኔድ ስታኪ ጋር እያገዝናቸው ከርስቲ የገባችበት ቦታ ስንደርስ አባባ ዘንጉን ከእጄ ወሰዱት።

«ይህን ለእኔ ተወው። ነይ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ።

እህት ዓለም፣ እኔን አይሰሙኝም። አንቺ ደውለሽ ለምኛቸው፤ የቀረውን ዘንግ እኛ እንተክለዋለን። ብቻ ቶሎ ደውይ።

ለማልኮም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ፊሊፓን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ኔድና ሚስቱ ናፍቀውሻል። ፋርናቢም እህትህን ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ የእሱን አላደርስም።

ወንድምሽ ኦብሪ ሄምብሮ
ሴጅኮት፣ ሶመርሴት
ፌብሩዋሪ 9 ቀን