ከሻርጃ የመጡት ጎማዎች

ኢዘዲን ልጄ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ጤና ይስጥህ፤ ከጤናው ጋር ልብም ይስጥህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አባትህ ግን በአንተ ምክንያት ሊሞት ነበር።

ከሻርጃ የላክሃቸውን ትልልቅ ጎማዎች በደረሱበት ቀን ጎታች መኪናው ላይ አስገጠማቸው። መካኒኩ ሀይደር «ጎማው ካደገ የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያደርሰው የዲፈረንሻሉ ጥርስም አብሮ መቀየር አለበት፤ አለዚያ ከባድ ነገር አይጎትትም» ሲል፣ አንተ በስልክ «አያስፈልግም» አልክ። ሽቶ ሻጩ ልጄ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንከው?

ማክሰኞ ከበርበራ የተበላሸ አይሱዙ እየጎተተ ሲመጣ ዳገቱ ላይ ጉልበት አጣ። ፍሪሲዮኑ ተቃጠለና ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ድንጋይ ባይዘው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ መርዶ ነበር።

አሮጌዎቹ ጎማዎች ግቢ ውስጥ አሉ። «መልሳቸው» ስለው «ልጄ የላከልኝን አላወልቅም» ይላል። ፍሪሲዮኑን አሠርቶ፣ የሰፈራችንን የመሐመድ ሞጌን ሰው ሁሉ እየጠራ ጎማ ያሳያል።

ቅዳሜ ደግሞ ያንኑ ዳገት ይወጣል። እኔን አይሰማኝም። እባክህ ከዚያ በፊት ደውልና «አባዬ፣ ተሳስቻለሁ፤ አውልቃቸው» በለው። ሌላ ምንም አትላክልን።

አላህ አንተን ከክፉ ይጠብቅህ፤ አባትህን ደግሞ ከአንተ ስጦታ ይጠብቅልኝ።

እናትህ ሰብሪያ