በድመቱ ስም የተመዘገበው መስመር

ጥቅምት 6
ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል። እያለከለክሁ ቢሮ ስደርስ አዲሱ ልጅ ቀድሞኝ ተቀምጧል። “ድመቱ” ብለን ስም አውጥተንለታል፤ ሲገባ ሲወጣ ኮቴው አይሰማም። ሙከራ ላይ ነው። ወሩ ሲያልቅ ወይ ይቀጠራል ወይ ይሰናበታል።

ጥያቄ ያበዛል። “ይሄን ማን ያየዋል? ያንንስ ማን ያጸድቀዋል?” ምን አገባው?

ጥቅምት 9
እህቴ ደወለች። “ሥራሽ ግን ምንድነው? ሰው ሲጠይቀኝ አፍራለሁ።” ነገርኳት። የኮምፒውተሩ እምብርት ከርነል ይባላል። ከውጭ የመጣ ትንሽ ፕሮግራም እዚያ ይገባና ወዲያው ወደ ማሽን ትእዛዝ ይቀየራል። ተንኮለኛ ሰው ታዲያ ክፉ ትእዛዝ ቁጥር አስመስሎ ይሸጉጥበታል። እኛ ቁጥሮቹን ሁሉ በዘፈቀደ ቁጥር እናደበላልቃለን፣ የሸጎጠው እንዳይሠራለት።

“ሰው አላምንም በይኛ” አለች። እሱስ እውነቷን ነው...

ጥቅምት 13
የዘፈቀደ ያልነው ቁጥር የዘፈቀደ አይደለም። ማሽኑን ባጠፋው ባበራው ያው ቁጥር። ይህን ያወቀ ሰው ምን ያቆመዋል? ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ላይ ተቸንክሮ አገኘሁት። የማን ነው ብዬ መስመሩ አጠገብ ያለውን ስም አየሁ... ድመቱ።

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ጥያቄ ለዚህ ኖሯል።

ጥቅምት 14
ለጋሼ ነገርኳቸው። የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ሥራውን ሀ ብዬ የተማርኩትም ከሳቸው ነው። መነጽራቸውን አወለቁ።
“በደንብ አይተሻል?”
“በስሙ ነው የተመዘገበው፣ ጋሼ።”
“እንግዲህ... ሙከራው ሲያልቅ እናሰናብተዋለን። አንቺ ዝም ብለሽ አስተካክይው።”
ዝም ብለሽ? ለምን ዝም?

ጥቅምት 15
ውሃ ልቀዳ ስነሳ እንኳ ስክሪኔን እቆልፋለሁ። “ዛሬም ሰላም አላልሽኝም” አለኝ ድመቱ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ጥቅምት 17
ለስንብቱ ማስረጃ ላዘጋጅ ብዬ ማን መቼ ምን እንደቀየረ የሚያሳየውን የፋይሉን ታሪክ ወደ ኋላ ገለጥኩ። ድመቱ ምን ሠርቶ ተገኘ? ጽዳት። የተዝረከረኩትን መስመሮች አሰልፎ፣ ክፍተታቸውን አስተካክሎ... አንዲት ቁጥር አልነካም። መስመሮቹ ሁሉ በስሙ የተመዘገቡት በዚህ ምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ የነካ ሰው ስም አይቶ እንደማይፈረድ ጀማሪም ያውቀዋል። እኔ ግን ፈርጄ ስለጨረስኩ አላየሁም።

ቁጥሩ የተቸነከረው ከሱ በፊት ነው። በጋሼ። ለፍተሻ እንዲመቻቸው አስረውት ሳይፈቱት ቀርተዋል። እሳቸው የሚያስገቡትን ደግሞ ማንም አያይም። “የጋሼ ነው” ከተባለ ያልፋል፤ የክፍላችን ልማድ ነው።

ረስተውት ነው? ታዲያ “ዝም ብለሽ” ያሉኝስ? እኔ ጋሼን ልጠረጥር... ራሴን ጠላሁት።

ጥቅምት 18
በሩን ዘጋሁና፣ “ጋሼ፣ መስመሩ የእርስዎ ነው” አልኳቸው። ጠረጴዛቸውን በመዳፋቸው ሲጠርጉ ቆዩ። ምንም አቧራ የለበትም።
“አንቺ ስትነግሪኝ ትዝ አለኝ።”
“ያን ቀን? ታዲያ ልጁን ለምን...”
“ልጄ፣ ጡረታዬ ደርሷል። ስወጣ በዚህ እንድነሳ አልፈለግሁም።”
“እሱስ በምን ይነሳ?”
በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንደ አባት ነው የማያቸው።

ጥቅምት 20
ስብሰባ ላይ ሁሉንም ተናገርኩ። ልጁን የከሰስኩት እኔ መሆኔንም። ጋሼ መሬት መሬት እያዩ፣ “የኔ ነው” አሉ።

ድመቱ እንዲቀጠር ተወሰነ። ስንወጣ በአጠገቤ አልፎኝ ሄደ። ምን ብሎ ያናግረኝ?

ጥቅምት 27
ልማዱ ቀረ። ከእንግዲህ የማንም ሥራ ሳይታይ አያልፍም። ዛሬ የጋሼን ሥራ ለማየት ተራው የኔ ሆነ። ድሮ ስማቸውን አይቼ አሳልፈው ነበር። አሁን መስመር በመስመር ወረድኩ። ጥንቅቅ ያለ ነው፤ እንከን የለውም። ደገምኩት። ምንም የለውም።

ከበሩ አጠገብ ቆመው፣ “አየሽው እንዴ?” አሉኝ በቀስታ።
“ትንሽ ይቀረኛል” አልኳቸው። ሄዱ።

እንደገና ከላይ ጀመርኩ።