ጠረጴዛ የተኮስክበት ካሴት

ውድ ባለቤቴ ሽፌ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም፤ የምጽፈው ነገር አሳፍሮኝ ነው። አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ሰፈራችን ጊንሃይም እንደተውካት ናት። ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ አሁንም ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ወንበርህን ልጃችን ሜሮን ወሰደችው፤ እዚያ ላይ ተቀምጣ ነው ልጇን የምታጠባው። አዎ፣ አያት ሆነሃል። የልጁ ሁለተኛ ስም ሽፈራው ነው። ጀርመናዊቷ ዶክተር ስትጠራው ብትሰማ ትስቅ ነበር።

ባለፈው ወር የሕንጻው ኃላፊ ሃውስማይስተሩ ቱቦ ስለሚቀየር ምድር ቤት ያለውን ዕቃ ማስቀመጫችንን፣ ኬለራችንን፣ ባዶ እንድናደርግ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤውን ራሴ አነበብኩት። ወርጄ ዕቃህን ሳወጣ ከከባዱ ካውያህ ሥር ያ ካሴት ተገኘ። የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ።

ያኔ ሜሮን ገና ዳዴ ትል ነበር። ሜሴ፣ የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ፣ ትልቅ የስኑከር ሻምፒዮና ሊደረግ ነው ተብሎ ወንበር ለመደርደር ተቀጠርክ። ስኑከር ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ ከረንቡላ መስሎህ ነው የሄድከው። ጠረጴዛውን ከሚያዘጋጁት እንግሊዞች አንዱ እጁን ተጎዳ። ሌላው ካውያ የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ "እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ" አልከው። እውነትህን ነው፤ መርካቶ ስንት ኮት ተኩሰሃል። በጨዋታና በጨዋታ መካከል አረንጓዴውን ጨርቅ በብሩሽ ትጠርጋለህ፤ ከዚያ ካውያውን ሳታቆም፣ የጨርቁ ጠጉር ወደተኛበት አቅጣጫ ብቻ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትተኩሳለህ። "ካቆምኩ ይቃጠላል፤ ወደ ኋላ ከመለስኩት ኳሱ መንገድ ይስታል" ትለኝ ነበር፣ ገና ጃኬትህን ሳታወልቅ።

ከሁሉ የነካህ ግን አንድ ተጫዋች ነበር። ለመምታት ሲያጎነብስ እጅጌው አንዷን ኳስ ነካት። ዳኛው አላየም፤ ተጋጣሚውም አላየም። ሰውየው ቀና ብሎ እጁን አነሣና "ነክቻለሁ" አለ፤ ሄዶም ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበ። ይህን ስትነግረኝ ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር። "አስኩ፣ ማንም ሳያይበት እኮ ነው! እዚያ ቤት ያጠፋ ራሱ ይናገራል" አልከኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለጓደኞችህ ስትነግራቸው ግን ማን ይመንህ! "ጠረጴዛ ተኮስኩ ነው የምትለው? ሸሚዝ ለብሶ ነው?" አሉህ ጋሽ ተፈራ። "ክራቫትስ አስረህለታል?" ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንተም ስቀህ "የፍጻሜው ጨዋታ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። እቀዳዋለሁ፤ የሚመጣው እሁድ ቤት መጥታችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ" አልካቸው።

የመቅጃውን ሰዓት ሞልተህ ሄደህ ቀዳኸውም። በማግስቱ ካሴቱን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጠህልኝ ወደ ሥራ ወጣህ። ጀርባው ላይ ጽፈህበት ነበር።

ሽፌ፣ ስንጋባ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ ብዬህ ነበር። አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማውቀው ስሜን መፈረም ብቻ ነበር፤ እሱንም እንደ ጥልፍ ነው ያጠናሁት። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ገልጬ የምይዘው ለሰው ዓይን ነው፤ ጸሎቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። የጀርመንኛውን ወረቀት ሁሉ አንተ ስለምታነብ፣ አማርኛውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ለሕፃናት የጀርመንኛ ፊደል የሚያስተምር ፕሮግራም በቴሌቪዥን ነበር። ቀድቼ ተደብቄ ልማርበት አሰብኩ። ቢሮ አጽድቼ ስመለስ ካሴቱን አየሁት። ጽሑፍህንም አየሁ፤ ለእኔ ግን ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነበር። ከድሮዎቹ ካሴቶቻችን አንዱ መሰለኝና ቀዳሁበት። ስትገባ "የጻፍኩልሽን አነበብሽው?" ብለህ ጠየቅኸኝ። እንደ ልማዴ "አዎ፣ አነበብኩት" አልኩህ። "እሺ፣ ደስ አለሽ?" አልከኝ። "በጣም" አልኩህ።

እሁድ ዕለት ጋሽ ተፈራና ጓደኞችህ መጥተው ሶፋው ላይ ተደረደሩ። አዲሱን ሸሚዝህን ለብሰህ ካሴቱን ከተትክ። በአረንጓዴው ጠረጴዛ ፈንታ አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት ብቅ ብሎ ፊደል መቁጠር ጀመረ። "ሽፈራው፣ ፊደል ጀመርክ እንዴ?" አሉ ጋሽ ተፈራ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንተ ወደ እኔ ዞረህ አየኸኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሜሮን ስቀዳላት ሳላይ ደረብኩበት" አልካቸው። እኔ የሻዩን ትሪ ይዤ እንደቆምኩ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስምህ "አቶ ካውያ" ሆነ። በሠርጉም፣ በክርስትናውም። በለቅሶህ ላይ እንኳ ጋሽ ተፈራ "ነፍሱን ይማረውና አቶ ካውያ ውሸቱም ይጣፍጥ ነበር" ብለው ለቀስተኛውን ፈገግ አሰኙት። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ሰው ሐዘን መሰለው።

ይህን ሁሉ ዓመት የማውቀው ጥፋቴ ይህ ነበር። ኬለር ውስጥ ግን ካሴቱን ገልብጬ ጽሑፍህን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። "አስኩዬ፣ ከማንም በፊት አንቺ እዪው። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው እኔ ነኝ" ይላል።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አሻንጉሊቱ ብቅ ያለ ዕለት ሁሉም ገብቶህ ነበር ማለት ነው። ከዚያ እሁድ ወዲህ ማስታወሻ ትተህልኝ አታውቅም፤ ወተት ካለቀ ጠርሙስ፣ ሜሮንን አምጪ ለማለት ባለ ሁለት ሹሩባ ልጅ ትስልልኝ ነበር። እኔ ጨዋታ መሰለኝ። እሁድ እሁድም የአማርኛ ጋዜጣ ጮክ ብለህ እያነበብክ፣ ጣትህን በየቃሉ ሥር ታስኬድ ጀመር። "ዓይኔ ደክሟል" አልከኝ። እኔ ጣትህን በስርቆት እየተከተልኩ፣ የሰማሁትን ከሐበሻ ሱቅ ማስታወቂያና ከበርበሬ ከረጢት ላይ እየፈለግሁ፣ ማንበብ ቻልኩ፤ የጀርመንኛውም ፊደል ቀስ ብሎ ተከተለ። ብቻዬን የተማርኩ መስሎኝ በልቤ ስኮራ ኖርኩ። ዓይንህ ግን እስከ መጨረሻው ደህና ነበር፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ አንተ ነበርክ።

አንድ ቀን እጄን አነሣለሁ ብለህ ጠብቀህ ይሆን? እኔ ይህን ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ሜሮን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ የዚያን ጨዋታ ጥቂት ደቂቃ አገኘችልኝ። ደጋግመን አየነው። አንተ የለህበትም። የነበርክበትን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ባለፈው እሁድ ካሴቱን ይዤ ሪደርቫልድ ሰፈር፣ ጋሽ ተፈራ ቤት ሄድኩ። እርጅና ተጫጭኗቸዋል፤ ባለ ጎማውን መደገፊያ፣ ሮላተሩን፣ እየገፉ ነው የሚሄዱት። የድሮዎቹ ጓደኞችህም ነበሩ። ቁጭ አላልኩም። ጣቴን በጽሑፍህ ሥር እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስምንተኛ ክፍሉንም፣ አሻንጉሊቱንም። ማንም አላጨበጨበም፤ እኔም የሚጨበጨብለት ነገር አላደረግሁም። ጋሽ ተፈራ ካሴቱን ተቀብለው አገላበጡና "እና... ጠረጴዛው እውነት ይተኮሳል?" አሉኝ።

"ይተኮሳል፣ ጋሼ። ጠጉሩ ወደተኛበት ብቻ።"

ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "ሽፈራውን ይቅርታ ጠይቂልኝ" አሉ። ይኸው ጠየቅሁላቸው፤ ከእኔው ጋር አብረህ ስማው።

ጽሑፍህን ከካሴቱ ልጬ የጸሎት መጽሐፌ መጀመሪያ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። መጽሐፉን አሁን ለሰው ዓይን አልገልጠውም። ከጸሎቱ በፊት የአንተን ሁለት መስመር አነባለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ እንዲሁ አደርጋለሁ። የልጅ ልጃችን ሲያድግ ያ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው ሰው ማን እንደነበረ፣ ምስሉንም ማን እንዳጠፋው፣ ከሌላ ሰው አይሰማም። እኔው እነግረዋለሁ።

ሚስትህ አስካለ
ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም።