የኪዳኔ ማር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ወንዛዬ ወርደሽ ፍል ውሃው ገባሽ ወይስ ዛሬም «የጤፉ አጨዳ ይለቅ» እያልሽ ነው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የደብረ ታቦር የኅዳር ብርድ ብቻ አልቻልኩትም። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ «ደህና ነኝ፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ መሃሉ ላይ አይዘጋም። የሚያነቡልሽም የነፍስ አባትሽ ቄስ ገብረየሱስ ስለሆኑ አላፍርም። አባ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡላት።

የበላይነህ ሽማግሌዎች በጥቅምት ቤታችን መጥተው ዘር ሲቆጠር የሆነውን አልረሳሽውም። በአባቴ በኩል ሰባት ቤት ተቆጥሮ ንጹሕ ተባለ። ባንቺ በኩል ግን አባትሽ መልካሙ፣ አያትሽ ኪዳኔ፣ ቅድመ አያትሽ አስናቀ ሲባል ከበላይነህ አገር ከገሳይ የመጡት ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። አስናቀ የበላይነህም ዘር ናቸው፤ እሱም እኔም አራተኛው ቤት ላይ ገጠምን። «ሥጋ ናቸው፤ ሰባት ሳይሞላ አይሆንም» ብለው ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። አንቺ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ታለቅሺ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አኩርፌሽ ነበር። ገበያ ላይ ለአንድ ቁና ገብስ ግማሽ ቀን የምትከራከሪ ሴት ለእኔ አንዲት ቃል ማጣትሽ አንገበገበኝ።

በላይነህ «እንግዲህ ምን እናደርጋለን» ብሎ አቀርቅሮ ቀረ። እኔ ግን ግትርነቴን ታውቂው የለ! ትዳሬን የከለከለኝን ሰውዬ ሳላውቀው አልቀርም አልኩ። ሰው ቅድመ አያቱን የሚያነሣው ደጃዝማች የነበሩ እንደሆነ ነው። የእኛ ኪዳኔ ግን ቀንበር የሚጠርቡ ገበሬ ነበሩ፤ ከገሳይ መጥተው እናንተ አገር አግብተው ኖሩ፣ ሞቱ። አንቺም የነገርሽኝ ይህንኑ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በሚኒባስ ገሳይ ሄድኩ። ያገኘኋቸው እመት ፈንታነሽን ነው፤ የበላይነህ አያት እኅት ናቸው፣ የአስናቀ የልጅ ልጅ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን ወይ ፍንክች! የኪዳኔ ዘር መሆኔን ስነግራቸው ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱት። «የአያ ኪዳኔ ቀንበር የበሬ ጫንቃ አያቆስልም ነበር» አሉኝ። ስለ ትውልዳቸው ስጠይቃቸው ግን እርግማን አለበት፣ አልናገርም አሉ። ሽሮ አቅርበው አብልተውኝ ሲያበቁ፣ ልጁን ትወጅዋለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እያፈርኩ አዎ አልኩ። ያን ጊዜ ተናገሩ።

በክፉ ቀን፣ ከብቱ አልቆ ሰው በየመንገዱ በወደቀበት ዘመን፣ አስናቀ ከሞተች እናቱ ጎን የሚያለቅስ ሕፃን አግኝተው ወደ ቤታቸው አመጡ። ሽማግሌ ሰብስበው አውራ ጣታቸውን ማር ነከሩና ሕፃኑን እንደ ጡት አጠቡት፤ በዚያች ዕለት የጡት ልጃቸው ሆነ። ኪዳኔ ያ ሕፃን ናቸው። ከወለዷቸው ልጆች እኩል መሬት አካፈሏቸው። «ኪዳኔ ልጅህ አይደለም የሚለኝ ከዘሬ አይቆጠር» ብለውም ረገሙ። ከዚያ ወዲህ ዘር ሲቆጠር ማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

መጀመሪያ እልል ልል ቃጣኝ። ወዲያው ግን ከፋኝ። እኔ ላገባ ብዬ ያንን ሕፃን ተመልሼ መንገድ ላይ ልጥለው ነው? ይህንኑ ስላቸው እመት ፈንታነሽ ሳቁብኝ። እርግማኑ አያ ኪዳኔን ከቤት ለሚያስወጣ ነው እንጂ የልጅ ልጁን ቤት ለምታስገባ አሮጊት አይዶል አሉኝ። በማግስቱ ቅዳሴ ሲወጣ በሰው ተደግፈው ከደጀ ሰላሙ ቆሙና ለሽማግሌዎቹ በአንደበታቸው ተናገሩ። ቄሶቹም መክረው «በሥጋ አይገናኙም» አሉ። እናቴ፣ ተፈቀደልን!

አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ። እመት ፈንታነሽ የማሩን ነገር ሲያወሩ እኔ ልቤ እኛ ቤት ነበር። በየዘመን መለወጫው ጠዋት፣ ማንም ምንም ሳይቀምስ፣ አውራ ጣትሽን ማር ነክረሽ ታጠቢኝ ነበር። ሙሉቀን «ለእኔስ?» ብሎ ሲያለቅስ «አንተ አያስፈልግህም» ትይዋለሽ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ታበላልጪ ነበር ብሎ ያማሻል። እኔ ደግሞ ስለምትወጂኝ ይመስለኝ ነበር። አሁንም የሚመስለኝ እንደዚያው ነው።

ሽማግሌዎቹ ፊት አንዲት ቃል ብታወጪ ነገሩ ያን ዕለት ያልቅ እንደነበር ገብቶኛል። እኔን ከቤትሽ ላለማስወጣት ያቺን ቃል ዋጥሻት። እኔ ነኝ ሞኟ፣ ዝም ስትይ አልተከራከረችልኝም ያልኩት። አሁንም አታውጫት። የኪዳኔ ታሪክ ስለበቃን ሌላ የሚጠይቀን የለም፤ እኔም አልጠይቅሽም። አባ እዚህ ላይ ድምፃቸው ቢሰበር አይግረምሽ፤ ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ከገና በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ፤ የአሁኑ ጠላ ይጨረሳል። የሰርጌ ዕለት ሚዜዎቹ ደጅ ሲጨፍሩ አንቺ ቀስ ብለሽ ጓዳ ጥሪኝ። ማሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ እመት ፈንታነሽ ከቀፏቸው ቆርጠው ሰጥተውኛል። አንቺ አውራ ጣትሽን ብቻ አምጪ። ለሙሉቀንም ትንሽ አቅምሺው፣ ዕድሜ ልኩን ሲመኝ ኖሯል።

የታቦሩ ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ የልጅ ልጅ ለመሳም ያብቃሽ።

ካንቺ ቤት የተቆጠርኩት፣
ልጅሽ