ሳልጠይቅ ያጠፋሁት ካርድ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ኩየራ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ በብርዱ አልባሰብዎትም? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? የቦዩ ውሃ በተራዎ ይደርስዎታል? እኔ አምላክ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ሦስት ጊዜ ደውዬ ስለ ድንቹ ብቻ አውርተን ዘጋሁት። አፌ እምቢ ቢለኝ ነው የጻፍኩልዎ።

አባባ፣ የምሠራበት ትልቁ ኮምፒውተር በውስጡ ብዙ ቨርቹዋል ሲስተሞች አሉት፤ አንዱ ማሽን ተከፋፍሎ እንደ ብዙ ማሽን ይሠራል ማለት ነው። ሁሉም ከውጭ የሚገናኙት በአንድ የኔትወርክ ካርድ ነው። እንደ እርስዎ ቦይ ይቁጠሩት፤ ውሃው አንድ፣ ማሳው ብዙ። ስለዚህ ካርዱን ከመንካታችን በፊት ለተጋሪዎቹ ሲስተሞች ጠባቂዎች ሁሉ ደውለን ደብተር ላይ መፈረም ደንባችን ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እኔ የምጠብቀው ሲስተም ኔትወርክ አጣ። ካርዱ ነው ብዬ ደመደምኩ። የምሳ ሰዓት ስለነበር አሁን ማን ስልክ ያነሳል ብዬ ለማንም አልደወልኩም። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ነጋሳ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ክፍት በተዉት ኮምፒውተር ገብቼ ካርዱን አጥፍቼ አበራሁት። የእኔው አልተነሳም፤ የሌሎቹ ሁሉ ወደቀ። አንድ በአንድ እስኪቀሰቀሱ ድረስ በአራት ከተማ ያሉ ቅርንጫፎቻችን ሥራ ፈተው ዋሉ። ለካ ካርዱ ምንም አልሆነም! ጠዋት ለሲስተሜ የሰጠሁት የኔትወርክ መለያ ቁጥር አስቀድሞ ለሌላ ሲስተም የተሰጠ ኖሮ ሁለቱ ተጋጭተው ነው።

ማን ምን እንደነካ ኮምፒውተሩ የሚይዘው መዝገብ ያወጣው የጋሽ ነጋሳን ስም ነው። ጥፋቱን የሚያጣራው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ሲጠይቃቸው እኔ አይደለሁም አሉ፤ ታዲያ ማን ነው ሲባሉ ዝም አሉ። ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ሲቀራቸው ከሥራ ታገዱ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር አባባ። ለመንደሩ ሁሉ የሚያወሩለት ልጅዎ አፉ ተለጎመ። በራሴ አፈርኩ።

ዓርብ ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ። የመፈረሚያ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ ልጄ፣ በሚቀጥለው መጀመሪያ ደውል፣ ብለውኝ ወጡ። ያውቁ ኖሯል። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ቢሆንም ነገ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ እናገራለሁ። ይህ ሲደርስዎ ሥራዬን አጥቼ ይሆናል። ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። እህቴን ሶፊን በጣም ናፍቄያታለሁ። ታናሼ ኤባ በእኔ መኩራራቱን ለጊዜው እንዲተው ይንገሩት። ጎረቤታችን እትዬ የሺዓለም ከጠየቁዎት ደህና ነው ብቻ ይበሏቸው። አይ፣ ተዉት አባባ፤ እውነቱን ይንገሯቸው። ዝም ማለቱ ይብቃኝ።

ልጅዎ ይትባረክ
አዳማ፣ እሑድ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.