አዲስ አበባ የቀረው የአፍንጫዬ ሥጋ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2006

ከሁሉ በፊት ይህ ግልጽ ይሁን፦ ሐምሌ ላይ ደሴ ሆስፒታል ከአፍንጫዬ የተቆረጠው ሥጋ አልሞተም። አዲስ አበባ፣ ብልቃጥ ውስጥ፣ እያደገ ነው።

ጠዋት ጎመኑን ኮተኮትኩ። ሱፍያን ደወለ። የድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ ተመራማሪ። ሥጋውን ለምርምር ስሰጠው ሰባቱን ገጽ ቅጽ አንብቤ ነው የፈረምኩት፤ ሁለት የፊደል ስህተትም አርሜለታለሁ።

«ቀለም ውስጥ የሚገባው የዚንክ ኦክሳይድ ብናኝ፣ በዓይን የማይታየው፣ በትንፋሽ ሲገባ ዘረመል ይሰብር እንደሆነ ነው የምናየው፣ ቲቸር። ሴሎችዎ ጎበዞች ናቸው።»

ጎበዞች! እኔ እሱን እንዲህ ብዬው አላውቅም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ለታላቅ እህቴ ለኡምኩልሱም ነገርኳት። ልጇ ባሲማ ሪያድ ሆና የሐጅ ጉዞዋን ወረቀትና ወጪ ጨርሳላታለች፤ እቴ መስከረም 6 ትበራለች። ምን አናገረኝ?

«ከሰው ገላ የተቆረጠ አፈር ይገባል። ቀበርከው?»

«የለም፣ እቴ። እያደገ ነው።»

«ምን?»

«እያደገ...»

«አንተ ልጅ! የወንድሜ ገላ ሳይቀበር እኔ ካዕባን አልዞርም። አስመጣና ቅበር።»

ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ከጁምዓ በኋላ ኢማማችንን ሸህ ሃሩንን ጠየቅኋቸው።

«ይበላል?»

«በየሁለት ቀኑ ሮዝ ፈሳሽ ይሰጡታል።»

«ታዲያ በሕይወት ያለን እንዴት እንቅበር? ይሙትና ያምጡት።»

ልክ ናቸው። ግን እስከ መስከረም 6 ይሞታል?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

አሰላሁ። አንድ ግራም፣ በየሁለት ቀኑ እጥፍ ቢሆን፣ በሠላሳ ሁለት ቀን ስልሳ አምስት ኪሎ ተኩል። እኔ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነኝ። ያን ጊዜ ማን የማን ቁራጭ ነው?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ሱፍያን የእህቴን ነገርና ስሌቴን ሰምቶ ሳቀ። «ጥቂት ጊዜ ለሁለት ይከፈሉና ጡረታ ይወጣሉ፣ ቲቸር። እንደ እርስዎ።» ባለጌ።

ብናኝ የገባባቸው ሴሎች ዘረመላቸው ተሰባብሯል። በማይክሮስኮፕ እንደ ጅራታም ኮከብ ይታያሉ አለ። ሠላሳ አራት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ችዬ... ጅራት!

«ያልተነኩትስ?»

«ማነጻጸሪያዎቹ? ደህና ናቸው። እስከ መስከረም አጋማሽ መቆየት አለባቸው። እህትዎ ካዘኑ ግን ዛሬውኑ ሁሉንም ገድዬ እልካለሁ። የሁለት ዓመት ሥራዬ ይበላሻል እንጂ...»

ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ወሬ ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በባቄላ ዘር፣ ስምንተኛ «ለ»።

«እንዳትነካቸው!» አልኩ። ለእህቴስ ምን እላለሁ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ነገርኳት። «እንግዲያው አልሄድም።» ሻንጣዋን ፈታች።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ባሲማ እየደወለች ታለቅሳለች። እናቷ ሰባ አራት ሞልቷታል፤ ሌላ ዓመት ይኖር ይሆን? ከእኔ የሚፈለገው ለሱፍያን አንድ ቃል ነው፦ «ግደላቸው»። ስልኩን አነሳሁ... አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3 ቀን 2007

«እቴ፣ የሞተ ይቀበራል። የታመመ ወንድም ግን ምን ይደረጋል?»

«ይዘየራል።»

«በይ በመንገድሽ አዲስ አበባ ዘይሪኝ።»



«ሙዝ ልያዝ?»

«አልበላም።»

«ባዶ እጄን?» አለችና ሻንጣዋን ጎተተች።

ሰኞ፣ መስከረም 5

ከቤተ ሙከራው ደወለች። ነጭ ጋውን አልብሰዋታል።

«አየሁህ።» አለች። «ከስተሃል።»

«ምን አልሽኝ?»

«ሰላም አልኩህ። አልመለስክም። ዱዓ አድርጌልህ ወጣሁ።»

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

በረረች። አልሐምዱሊላህ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

ለሱፍያን የላክሁት መልእክት፣ ቅጂ፦

«እህቴ መካ ናት። ዐረፋ ላይ ለሁለታችንም ዱዓ ታደርጋለች፤ እዚህ ላለሁትም፣ እዚያ ላለሁትም። ትናንት በስልክ ‹አዲስ አበባ ላለኸው አላህ ያሽርህ ልበል ወይስ ጀነት ይስጥህ?› ብላ ጠየቀችኝ። የመስከረም አጋማሽ አልፏል። ዐረፋ የፊታችን ዓርብ ነው። በሕይወት መኖር አለመኖሬን አጣርተህ ከዚያ በፊት ንገረኝ። እባክህ ልጄ፣ አትዘግይ።»